ታካሚን ስለ ክብደት ማናገር፦ ለመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች

የ52 ዓመት ሴት ጉልበታቸውን አሟቸው መጥተዋል። ነርሷ መዝናቸዋለች፤ 98 ኪሎ። ሐኪሙ ማስታገሻ ጽፎላቸው፣ ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ «ክብደትም መቀነስ አለብዎት» ይላቸዋል። «እሺ ዶክተር» ብለው ይወጣሉ።

በየቀኑ በየምርመራ ክፍሉ የምትነገረው ይህች ዐረፍተ ነገር ከዝምታ እምብዛም አትሻልም። ስንት ኪሎ፣ በምን መንገድ፣ በማን እርዳታ፣ እስከ መቼ የሚለው አልተነገረም። የተነገራቸው ድሮም የሚያውቁት ነው። ጉልበታቸው ሳይታይ ስለ ክብደታቸው ከሰሙ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያማቸው ቤታቸው መቆየትን ሊመርጡ ይችላሉ።

ዝም ማለትም ዋጋ አለው። በ11 አገሮች የተካሄደውና በ2019 የታተመው አክሽን አይኦ የተባለ ጥናት፣ ሰዎች ከክብደታቸው ጋር መታገል ከጀመሩ በኋላ ከሐኪም ጋር እስኪነጋገሩ ድረስ በአማካይ 6 ዓመት እንደሚያልፍ አሳይቷል። ሐኪሙ «ይቀየሙኛል» ብሎ ይተዋል፤ ታካሚው «ራሴው ልወጣው የሚገባኝ ነገር ነው» ብሎ ይተዋል።

ቅያሜው ግን ከምንፈራው ያነሰ ነው። በእንግሊዝ አገር 137 ሐኪሞች ለሌላ ጉዳይ የመጡ 1,882 ሰዎችን በምርመራው መጨረሻ ላይ ስለ ክብደታቸው ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አነጋገሩ፤ ውጤቱ በ2016 ላንሴት ላይ ታትሟል። ለግማሾቹ ክብደት መቀነስ ለጤናቸው እንደሚጠቅም ብቻ ተነገራቸው። ለቀሩት የ12 ሳምንት የክብደት ፕሮግራም እንዳለ ተነገራቸውና «እሺ» ካሉ ከግቢው ሳይወጡ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 1.04 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 2.43 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ፕሮግራሙ ከቀረበላቸው ከመቶ 40ዎቹ ሲጀምሩት፣ ምክር ብቻ ከሰሙት የጀመሩት 9 ናቸው። ንግግሩ አግባብ አልነበረም፣ አልጠቀመኝምም ያሉት ከሁሉም 4 ሰዎች ናቸው። አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ልዩነት ትልቅ አይደለም፤ የተከፈለበት ጊዜ ግን 30 ሴኮንድ ነው። ለውጡን ያመጣው የቃሉ ብዛት ሳይሆን ሰውየው ከክፍሉ ሲወጣ እጁ ላይ የነበረው ቀጠሮ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ቀጠሮ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ታካሚው ከመቀመጡ በፊት

ሚዛኑ ኮሪደር ላይ፣ ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ከሆነ ንግግሩ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ሚዛኑን ወደ ክፍል አስገቡት። የመዘነው ባለሙያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይጥራ፤ ጽፎ ይለፍ። ብዙ ተራ ሚዛኖች 150 ኪሎ ላይ ያበቃሉ፤ ቢያንስ 200 የሚመዝን ያስፈልጋችኋል። ቁጥሩን ማየት የማይፈልግ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። ጨርሶ መመዘን አልፈልግም ካለም፣ የመድኃኒት መጠን ለማስላት፣ ለልብ ድካም ክትትል፣ ለእርግዝና ወይም ለሕፃን ካልሆነ በስተቀር በዚያ ቀን ባይመዘን የሚቀር ነገር የለም።

ቁመቱን ራሳችሁ ለኩ። ሰዎች ሲጠየቁ ቁመታቸውን ከፍ፣ ክብደታቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቁመት ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የግፊት መለኪያው ካፍ፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መታሰሪያ ነው። የክንዱን መሐል ዙሪያ በሜትር ለኩ፦ ከ22 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ትንሹ የአዋቂ ካፍ፣ ከ27 እስከ 34 መደበኛው፣ ከ35 እስከ 44 ትልቁ፣ ከ45 እስከ 52 ለጭን የሚባለው። የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ግፊት የሌለበት ሰው የግፊት ኪኒን ይጀመርለታል። ተስማሚ ካፍ ሲጠፋ ጠባቡን አስገድዶ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው። ክንዱን አስጨንቆ የሚፈነዳ ካፍ የለካውን ቁጥር አትመኑት። መቀመጫዎቹን በተመለከተ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ይኑር።

የመጡበት ጉዳይ ይቅደም

ሴትዮዋ የመጡት ለጉልበታቸው ነው። ጉልበታቸውን እዩ፦ እብጠቱን፣ ሙቀቱን፣ መታጠፍና መዘርጋቱን፣ የዳሌያቸውን መገጣጠሚያ ጭምር፤ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማልና። ከዚያ አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኚሁ ሴት 60 ኪሎ ቢሆኑ ኖሮ ምን አዝዝ ነበር? መልሱ ራጅ ወይም ፊዚዮቴራፒ ከሆነ፣ አሁንም እሱው ይታዘዝ። የትንፋሽ ማጠር፣ የጀርባ ሕመም፣ የወር አበባ መዛባት፣ ድካም፤ እነዚህ ሁሉ «ከክብደቱ ነው» ተብለው በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው። ከሥራቸው የሳንባ የደም መርጋት፣ ካንሰር ወይም የደም ማነስ ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ክብደትን በየጉብኝቱ ማንሳትም ልክ አይደለም። ለተቆረጠ ጣት ወይም ለጉሮሮ ሕመም ለመጣ ሰው ከየት የመጣ ወሬ ነው የሚሆነው። ትናንት ቤተሰቡን የቀበረ ሰውም ለዚህ ንግግር ጊዜው አይደለም። የግፊት፣ የስኳር፣ የጉልበት፣ የቃር፣ የማንኮራፋት፣ የሽንት ማምለጥ፣ የመውለድ ችግር ወይም የጉበት ስብ ያለበት ሰው ሲመጣ ግን ድልድዩ ራሱ ተዘርግቷል። ለጉልበት የሚሆን አንድ ቁጥር እነሆ፦ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀላል። «ለጤናዎ ይጠቅማል» ከሚል ደረቅ ነገር ይህ ይሻላል፤ ሰውየው ለመጣበት ጉዳይ መልስ ይሰጣልና።

ፈቃድ መጠየቅ፣ ከነቃላቱ

እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«የጉልበትዎን ጉዳይ እንዲህ እናክመዋለን። ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ነገር፣ ስለ ክብደትዎ ትንሽ ብንነጋገር ይፈቅዱልኛል?»

ወይም፦ «ክብደትዎ በኑሮዎ ላይ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?»

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ይሁን። «እንነጋገር አይደል?» እያሉ ብራናውን ቀድሞ መዘርጋት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። እምቢ ካሉ፦ «ይገባኛል። እርስዎ በፈለጉ ጊዜ ያንሱልኝ፤ እኔ ዝግጁ ነኝ» ብላችሁ ተዉት። ካርዱ ላይ ግን «ዛሬ መነጋገር አልፈለጉም፤ በሚቀጥለው ይጠየቁ» ብላችሁ ጻፉ። የዛሬ እምቢታ የዘላለም አይደለም።

ቃላቱ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «ክብደት» የሚለው ቃል ከሁሉም ያነሰ ይቆረቁራል። «ወፍራም»፣ «ግዙፍ»፣ «ይህ ቦርጭ» ከሐኪም አፍ መውጣት የለባቸውም፤ በቀልድ መልክ ሲሆን ይብሳል። «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» የሕክምና ስያሜ ነው፤ ካርድ ላይና ሪፈራል ወረቀት ላይ ቦታ አለው፤ ለታካሚው ከተነገረም ከማብራሪያ ጋር ይሁን። በተለይ መራቅ ያለባችሁ ድካሙን ሁሉ በሰውየው ጫንቃ ላይ ከሚጥለው አነጋገር ነው፦ «ራስዎን ቢቆጣጠሩ»፣ «ትንሽ ቢንቀሳቀሱ»፣ «አፍን መያዝ ነው»። የክብደት ልዩነት ትልቁ ድርሻ በዘር የሚወረስ ነው፤ እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ የሥራ ሰዓት፣ ጭንቀት ሌላውን ይወስዳሉ። ይህን የምትሉት ለማጽናናት አይደለም፤ እውነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ከተፈቀደላችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ማዳመጥ ነው። «እስካሁን ምን ሞከሩ? የትኛው ረዳዎት? ምን ሲሆን ተቋረጠ?» አብዛኞቹ ሰዎች ሦስት አራት ጊዜ ሞክረዋል፤ አዲስ መጤ አድርጎ ማስተማር ያስቀይማል። ከዚያ፦ «ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት፣ አሁን ለመጀመር ምን ያህል ዝግጁ ነዎት?» 4 ካሉ፣ «ለምን 10 አልሆነም?» አትበሉ፤ ምክንያት ይደረድሩላችኋል። «ለምን 2 አልሆነም?» በሉ። ያኔ ለመለወጥ ያላቸውን ምክንያት በራሳቸው አንደበት ይነግሯችኋል፤ ሰው ደግሞ ከሌላ ከሰማው ይልቅ ራሱ የተናገረውን ያምናል።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

ቢኤምአይ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያስተያየው ቁጥር፣ በኪሎ የተለካን ክብደት በራሱ ለተባዛ የሜትር ቁመት ማካፈል ነው። ሴትዮዋ 1.65 ሜትር ናቸው፦ 1.65 ሲባዛ በ1.65 2.72 ይሆናል፤ 98 ለዚያ ሲካፈል 36። ከ18.5 በታች ዝቅተኛ ክብደት፣ ከ25 ጀምሮ ከፍ ያለ፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው፤ 35 እና 40 ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ይጀምራሉ። የእስያ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ጉዳቱ ቀደም ብሎ ስለሚጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች 23 እና 27.5ን የእርምጃ መነሻ አድርገው አስቀምጠዋል።

ይህን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጄማዊው የስታቲስቲክስ ሰው አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ የሕዝብን አማካይ ለማጥናት እንጂ ግለሰብን ለማከም አላሰበውም። ጡንቻንና ስብን አይለይም። ስቡ የት እንደተከማቸም አይናገርም፤ ለልብና ለስኳር ሕመም ዋናው አደጋ ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ስብ ነው። ስለዚህ ወገብ ይለካ። ሜትሩ የሚያልፈው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል ነው፤ ታካሚው እንደ ወትሮው አየር ሲያስወጣ ይነበባል፣ ሜትሩ ቆዳ ሳይቆነጥጥ። በሱሪ ቀበቶ ላይ መለካት ስሕተት ነው፤ ቀበቶ ከሆድ ሥር ይወርዳል። ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ በታች ቢሆን መልካም ነው፤ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቢኤምአይ 35 ካለፈ የወገብ ልኬት አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ሰውን ከማሳፈር በቀር።

ከቁጥሩ ይልቅ ጉዳቱን ፈልጉ። ግፊት፣ የጾም ስኳር ወይም ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው)፣ ኮሌስትሮል፣ የጉበት ኢንዛይም፣ ለኩላሊት ክሬያቲኒን። ካንኮራፉ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ከጣላቸው፣ አጠገባቸው የሚተኛ ሰው ትንፋሻቸው ሲቆም ካየ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ይፈልጋሉ። የታይሮይድ ምርመራ ምልክት ሲኖር ነው፤ የታይሮይድ መቀነስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ እንጂ 30 ኪሎ አይጨምርም።

የመድኃኒት ዝርዝሩን ዘርዝሩ

ከጉብኝቱ ሁሉ ፍሬ የሚሰጠው፣ ግን የሚዘለለው ክፍል ይህ ነው። ክብደቱ መጨመር የጀመረበትን ዓመት ጠይቁና በዚያ ጊዜ አካባቢ የተጀመረ መድኃኒት ካለ አስተያዩ። ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው። ከስኳር መድኃኒቶች ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ፣ ፒዮግሊታዞን። ከአእምሮ መድኃኒቶች ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ኩዌቲያፒን፣ ሚርታዛፒን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፓሮክሴቲን ይከተላሉ። ለሚጥል በሽታና ለነርቭ ሕመም ከሚሰጡት ቫልፕሮዬት፣ ጋባፔንቲንና ፕሬጋባሊን። ፕሬድኒሶሎን፤ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ።

አማራጭ ብዙ ጊዜ አለ። ለስኳር ሜትፎርሚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ክብደት አይጨምሩም። ለድብርት ፍሉኦክሴቲን ወይም ቡፕሮፒዮን ይታሰባል፤ ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ወይም ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ የማስታወክ ሕመም) ላለበት ሰው ክልክል ነው። ላሞትሪጂን ከቫልፕሮዬት ይልቅ ክብደት ላይ ገለልተኛ ነው። ቶፒራሜት ክብደት ይቀንሳል፤ በፅንስ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትፀንስ ለምትችል ሴት አይሆንም። የእኛ ባለ ጉልበት ለማይግሬን ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱ ቢሆኑና ግፊታቸውም ከፍ ያለ ቢሆን፣ ካንዴሳርታን ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ አንድ ክብደት ጨማሪ ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ግን ያዘዘውን ሐኪም ሳታነጋግሩ አትንኩ። የአእምሮ ሕመም ተመልሶ ሲያገረሽ ከ10 ኪሎ በላይ ያስከፍላል።

ከመድኃኒት ሌላ ሁለት ነገር እንዳያመልጣችሁ። አንደኛው ፍጥነት ነው፦ በጥቂት ቀናት 2 ኪሎ የጨመረና እግሩ ያበጠ ሰው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው የጨመረው፤ ልቡን እዩ። በወራት ውስጥ ሆዱ ገፍቶ እጅና እግሩ የሰለለ፣ ከወንበር ለመነሳት የተቸገረ፣ ሆዱ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ስንጥቆች ያወጣ፣ በትንሽ ነገር የሚበልዝ ሰው የኩሺንግ፣ ማለትም የኮርቲሶል ሆርሞን መብዛት ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የአመጋገብ ሕመም ነው። «በአንድ ጊዜ ብዙ በልተው ማቆም ያቃተዎት ጊዜ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ለ3 ወር፣ መቆጣጠር እየጠፋ ብዙ መብላትና ከዚያ መጸጸት ካለ፣ ቀጥታ ወደ ካሎሪ ቆጠራ መግባት ሕመሙን ያባብሳል። መጀመሪያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያቸው።

የሚቀርበው ነገር

ግቡ ትንሽና የተለካ ይሁን። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ፣ ማለትም ለ98 ኪሎ 5 ኪሎ ገደማ፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ማሻሻል ይጀምራል። በ2002 የታተመው የአሜሪካው የስኳር መከላከያ ጥናት 3,234 ሰዎችን ይዞ፣ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ አድርጎ፣ ወደ ስኳር ሕመም መሸጋገርን በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን በዚያው ጥናት 31 በመቶ ነበር። የጉበት ብግነት እንዲሻሻል ወደ 10 በመቶ ያስፈልጋል። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ዘንድ የተካሄደው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ደግሞ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ባለስኳሮች 86 በመቶው በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም መጠን በታች መሆኑን አሳይቷል። ታካሚው የሚያሳስበው የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ቁጥሩን ከዚያ አያይዙት።

ምግብን በተመለከተ፣ ከወትሮው በቀን ከ500 እስከ 750 ካሎሪ መቀነስ የተለመደው መነሻ ነው። አንድን የአመጋገብ ስልት ከሌላው አስበልጦ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሰውየው ለዓመት ሊኖርበት የሚችለው ይሻላል። በምርመራው ሰዓት ሙሉ የምግብ ዝርዝር ማውጣት አትችሉም። አንድ ነገር ምረጡ፣ ታካሚው ራሱ ይምረጠው፦ ጣፋጭ መጠጥ መተው፣ ማታ ዘግይቶ የሚበላውን ማቆም፣ በየምግቡ ፕሮቲን መጨመር። «ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ መልስ 20 ደቂቃ እሄዳለሁ» የሚለው «እንቅስቃሴ እጨምራለሁ» ከሚለው ይበልጣል። እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደት በመቀነስ ደካማ ነው፤ የቀነሰውን ለማቆየትና ጡንቻ ለማዳን ግን ዋናው ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው፣ ወር ሙሉ ተራምደው ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ሲያዩ ይተዉታል።

ከዚያ ቁልፉ ይመጣል፦ «በየሳምንቱ የሚገናኝ የክብደት ክትትል አለ፤ አሁኑኑ ላስመዝግብዎ?» እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌለ የሥነ ምግብ ባለሙያ፤ እሱም ከሌለ ራሳችሁና ነርሷ። በጥናት ውጤት የሚያሳዩት ክትትሎች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት 12 እና ከዚያ በላይ ግንኙነት አላቸው፤ የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም በ2018 ቢኤምአያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እንዲህ ያለውን ክትትል መክሯል። ሁሉም ሐኪም ዘንድ መሆን የለበትም፤ አምስት ደቂቃ ከነርስ ጋር ወይም ስልክ ይበቃል።

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ምግቡን በብርቱ ሲቀንስ መድኃኒቱም አብሮ ይታይ። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ሳይቀነሱ ከቀሩ ስኳሩ ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሲነሳ ያዞረዋል፤ ዋርፋሪን የሚወስደው የደም መርጋት ልኬቱ ይዛባል። ይህን ለሁለተኛው ቀጠሮ አታቆዩት።

መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና

ቢኤምአይ 30፣ ወይም 27 ሆኖ ከክብደት ጋር የተያያዘ ሕመም ካለ፣ መድኃኒት ማንሳት አግባብ ነው። ኦርሊስታት 120 ሚሊ ግራም በየዋናው ምግብ ይወሰዳል፤ ምግቡ ቅባት ከበዛበት ቅባታማ ተቅማጥ ያመጣል፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን ስለሚያስቀር መልቲ ቫይታሚን ማታ፣ ከኦርሊስታቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ተራርቆ ይሰጣል። በሳምንት አንዴ የሚወጉት አዲሶቹ ብዙ ይቀንሳሉ፦ ሴማግሉታይድ 2.4 ሚሊ ግራም በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 21 በመቶ ገደማ። ሴማግሉታይድ በ0.25 ይጀመርና በየ4 ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1፣ 1.7፣ 2.4 ይወጣል። ማቅለሽለሽና ማስታወክ የሚበረታው መጠኑን በችኮላ ሲጨምሩ ነው፤ ካስቸገረ ባለበት ይቆይ። ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለማርገዝ ለምትዘጋጅም አይሰጥም። ቲርዜፓታይድ የምትጀምር ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ፣ በጀመረችና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም ትጨምር። ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር በግልጽ ይነገራቸው፦ ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። እንደ ግፊት ኪኒን የረጅም ጊዜ ሕክምና ነው።

ቀዶ ሕክምናን እንደ መጨረሻ ቅጣት አታቅርቡት። በ2022 የወጣው የዘርፉ ማኅበራት መመሪያ ቢኤምአይ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ሌላ ሕመም ባይኖርም ይመክራል። ከቀዶው በኋላ የእናንተ ድርሻ የዕድሜ ልክ ነው፦ ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መከታተል፤ የጨጓራ ባይፓስ ለተደረገለት ሰው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አለማዘዝ፤ ማስታወክ ሳያቋርጥ ለመጣ ሰው ግሉኮስ ከመስጠት በፊት ቫይታሚን ቢ1 መስጠት።

ሁለተኛው ቀጠሮ

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሁን። መጀመሪያ ሚዛኑን ሳይሆን የተስማማችሁበትን ሥራ ጠይቁ፦ «ከሥራ መልስ መሄዱ እንዴት ሆነ?» ሦስት ቀን ከሄዱ፣ ሦስቱን ቀን ምን እንደረዳቸው ጠይቁ። ያልሄዱባቸውን ቀናት ራሳቸው ያነሷቸዋል።

ከ6 ወር ገደማ በኋላ ክብደት መቀነሱ ይቆማል። ታካሚው «እንደ በፊቱ እያደረግሁ ነው» ሲል አትጠራጠሩት። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ጉልበት ይቀንሳል፣ የረሃብ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ይህም ከዓመት በኋላም ይታያል። በዚያ ነጥብ ላይ ሕክምናው እንደገና ይታያል፤ መድኃኒት መጨመር፣ ክትትሉን ማጥበቅ፣ ወይም የተገኘውን መጠበቅ። የቀነሱትን 6 ኪሎ ሳይመልሱ ዓመት መክረም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ክብደቱ የጨመረ ሰው ከቀጠሮ ይጠፋል፤ ከኀፍረት ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቢጨምርም ይምጡ፤ ያኔ ነው ይበልጥ የምፈልግዎት» በሉ።

የተለዩ ሁኔታዎች

ክብደቱ ቀንሶ ለመጣ ሰው «እንኳን ደስ አለዎት» ከማለታችሁ በፊት «ፈልገው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይፈልጉት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ 5 በመቶ መቀነስ ምርመራ ይጠይቃል፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ መብዛት፣ ካንሰር፣ ድብርት። ውፍረት የነበረባቸው ሰዎች እዚህ ላይ ተመስግነው ይሸኛሉና ምርመራው ይዘገያል።

ለልጆች የአዋቂው ቁጥር አይሠራም፤ በዕድሜና በፆታ ሰንጠረዥ 85ኛው እና 95ኛው ፐርሰንታይል ይታያሉ። ልጁ ፊት ስለ ሰውነቱ አታውሩ። ለውጡ የቤቱ ሁሉ ይሁን፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የተለየ ሳህን ማቅረብ ጉዳት ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ክብደቱን ሳይጨምር ቁመቱ እንዲደርስበት መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በእርግዝና ክብደት መቀነስ አይታዘዝም። በአሜሪካ በ2009 የወጣው መመሪያ ከእርግዝና በፊት ቢኤምአያቸው ከ25 እስከ 29.9 ለነበሩ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ 30 እና በላይ ለነበሩ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመርን ይመክራል።

ካርዱ ላይ

«ምክር ተሰጠ» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም። «አይታዘዙም»፣ «እምቢተኛ» ደግሞ ከካርዱ ወደሚቀጥለው ሐኪም ፊት ይጋባል፤ ታካሚውም ካርዱን የሚያነብበት ቀን ይመጣል። የሴትዮዋ ካርድ እንዲህ ቢነበብ ይበቃል፦

«98 ኪሎ፣ 1.65 ሜትር፣ ቢኤምአይ 36። የቀኝ ጉልበት ብግነት፤ ራጅና ፊዚዮቴራፒ ታዘዘ። ስለ ክብደት ለመነጋገር ፈቅደዋል፤ ዋና ፍላጎታቸው ደረጃ ያለ ሕመም መውጣት። ዝግጁነት 6 ከ10። አሚትሪፕቲሊን በካንዴሳርታን ተተካ። ያንኮራፋሉ፤ የእንቅልፍ ምርመራ ተጠይቋል። ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ጉበት፣ ክሬያቲኒን ታዟል። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ መልስ 20 ደቂቃ ይሄዳሉ። የክብደት ክትትል ተመዝግበዋል። ከ3 ሳምንት በኋላ ነርስ ዘንድ፤ የግፊትና የክሬያቲኒን፣ የፖታሲየም ምርመራ በዚያው ቀን።»